የፊት ጥርስና የኋላ ጥርስ በአንድ መስመር፦ የባለ አንድ ጊር ብስክሌት የሰንሰለት መስመር አለካክና አስተካከል

መግቢያ

በትምህርት ክፍላችን «የማሽን ክፍሎች» የሚባለውን ኮርስ የወሰደ ሁሉ ስለ ሰንሰለት ድራይቭ ተምሯል። የሰንሰለት ርዝመት ማስያ ቀመሩን ለፈተና ሸምድደናል፤ «ሁለቱ ጥርሶች በአንድ ጠለል ላይ መዋል አለባቸው» የሚለውንም ዓረፍተ ነገር በደብተራችን ጽፈናል። ታዲያ «በአንድ ጠለል» ሲባል በስንት ሚሊ ሜትር ትክክል ነው? እንዴትስ ይለካል? ካልሆነስ በምን ይስተካከላል? እነዚህን ጥያቄዎች ለመመለስ ከብስክሌት የተሻለ መማሪያ የለም። ምክንያቱም በብስክሌት ላይ ሁሉም ነገር ተገልጦ ይታያል፤ በካሊፐርና በክር ብቻ ይለካል።

እዚህ ቴፒም ሆነ ሚዛን ባጃጁና ሞተር ብስክሌቱ መንገዱን ይዘውታል። ብስክሌት ግን አልጠፋም። የተማሪ አለ፣ የላኪ ልጅ አለ፣ ከኋላው ግማሽ ኩንታል እሸት ቡና የሚጫንበትም አለ። ብዙዎቹ ካምቢዮአቸው ተበላሽቶ ተነቅሎ በአንድ ጥርስ ብቻ የሚሄዱ አሮጌ የተራራ ብስክሌቶች ናቸው። ሰንሰለታቸው በየመንገዱ ይወልቃል። ባለቤቱም «ሰንሰለቱ ስለላላ ነው» ብሎ ያጠብቀዋል፤ ነገ ደግሞ ይወልቃል። በኔ እምነት ከእነዚህ ውስጥ የብዙዎቹ ችግር ከመላላቱ ይልቅ መስመሩ ላይ ነው። በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ዕቃ ከመግዛታችን በፊት የኋላውን እንለካ፣ ከዚያ የፊቱን ወደ ኋላው እናምጣ። ይሄ ቅደም ተከተል ገንዘብም ይቆጥባል፣ ጥርስም ያድናል። ጥርስ ስል የብስክሌቱንም የነጂውንም ማለቴ ነው።

የሰንሰለት መስመር ምንድን ነው?

ብስክሌቱን ከላይ ወደ ታች ስንመለከተው ከመሪው እስከ ኋላ ጎማ በመሐሉ የሚያልፍ አንድ ጠለል እናስብ። ከዚህ ጠለል እስከ ፊት ጥርሱ መሐል ያለው ርቀት የፊት የሰንሰለት መስመር ይባላል። ከዚያው ጠለል እስከ ኋላ ጥርሱ መሐል ያለው ደግሞ የኋላ የሰንሰለት መስመር ነው። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ሲሆኑ ሰንሰለቱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሲለያዩ ግን በየጥርሱ ላይ ሲገባና ሲወጣ ወደ ጎን ይታጠፋል።

ለመነሻ ያህል ጥቂት የተለመዱ ቁጥሮችን እንያዝ። የሩጫ ሜዳ ብስክሌት የኋላ ሞዞ ስፋቱ 120 ሚ.ሜ. ሲሆን የሰንሰለት መስመሩ 42 ሚ.ሜ. ገደማ ነው። ሁለት የፊት ጥርስ ያለው የአስፋልት ብስክሌት 43.5፣ ሦስት የፊት ጥርስ ያለው የተራራ ብስክሌት ደግሞ በመካከለኛው ጥርስ ላይ 47.5 ወይም 50 ሚ.ሜ. ይሆናል። እንግዲህ የተራራ ብስክሌት ፊት ወስደን የባለ አንድ ጥርስ ኋላ ስንገጥምበት ከ5 እስከ 8 ሚ.ሜ. ልዩነት የሚመጣው ከዚህ የተነሳ ነው። ዕቃዎቹ እያንዳንዳቸው ጤነኛ ናቸው፤ ያልተስማሙት እርስ በርሳቸው ነው።

ሰንሰለቱ ራሱ ዛሬም በመሠረቱ ሐንስ ሬኖልድ እ.ኤ.አ. በ1880 በእንግሊዟ ማንቸስተር የፈጠራ መብት ያወጣበት ባለ ሮለር ሰንሰለት ነው። ከፒን ፒን ያለው ርቀት ግማሽ ኢንች ማለትም 12.7 ሚ.ሜ. ነው። የውስጥ ስፋቱ ግን ሁለት ዓይነት ነው። የባለ አንድ ጊሩ 1/8 ኢንች (3.2 ሚ.ሜ. ገደማ)፣ የባለ ካምቢዮው 3/32 ኢንች (2.4 ሚ.ሜ. ገደማ) ነው። ጠባቡ ለካምቢዮ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ወደ ጎን ይተጣጠፋል። ሰፊው ግን ቀጥ ብሎ እንዲሄድ የተሠራ ነው፤ ጠማማ መስመር ላይ ሲውል ይጮሃል፣ ጥርሱንም ከጎኑ ይበላል።

ፊክስድ ሲሆን ለምን ይብሳል?

ባለ አንድ ጊር ብስክሌት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ፍሪ ያለው ነው፤ ፔዳሉን ብናቆም ጎማው ይቀጥላል። ሁለተኛው ፊክስድ የሚባለው ነው፤ የኋላ ጥርሱ ከሞዞው ጋር አንድ ስለሆነ ጎማው እስከዞረ ድረስ ፔዳሉም ይዞራል። ነጂው በእግሩ ወደ ኋላ በመጫን ፍጥነቱን ይቀንሳል። በዓለም ዙሪያ በሩጫ ሜዳ የሚወዳደሩት በዚህ ዓይነቱ ነው፤ እዚያ ግን ቁልቁለትም፣ በሬም፣ ባጃጅም የለም።

ከሰንሰለት አንጻር ልዩነቱ ይህ ነው። ፍሪ ባለው ብስክሌት የሚሳበው የላይኛው የሰንሰለት ክፍል ብቻ ነው። የታችኛው ምንጊዜም ልል ነው። ፊክስድ ላይ ግን ነጂው ወደ ኋላ ሲጫን ጉልበቱ ወደ ታችኛው ክፍል ይዛወራል። ስለዚህ ሰንሰለቱ ከላይም ከታችም ተራ በተራ ይወጠራል፤ በሽግግሩ ቅጽበት ደግሞ ይዘላል። ካምቢዮ የለም፣ የሚመራው ነገር የለም። ጥርሱ ላይ የሚያቆየው የራሱ መስመርና ውጥረት ብቻ ነው።

በቁጥር እንየው። 60 ኪሎ የሚመዝን ነጂ ሙሉ ክብደቱን በአንድ ፔዳል ላይ ቢጥል 589 ኒውተን ነው። የፔዳል ክንዱ 170 ሚ.ሜ. ከሆነ በመሐል ዘንጉ ላይ 100 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ባለ 34 ጥርስ የፊት ጥርስ ሬዲየሱ 68.7 ሚ.ሜ. ስለሆነ ሰንሰለቱ በ1450 ኒውተን ገደማ ይሳባል ማለት ነው። በፊትና በኋላ መካከል 7 ሚ.ሜ. ልዩነት ካለና ከዘንግ እስከ አክስል 430 ሚ.ሜ. ከሆነ የመታጠፊያው ማዕዘን 0.93 ዲግሪ ነው። «አንድ ዲግሪ እንኳን አልሞላም፣ ምን ያመጣል?» ትሉ ይሆናል። ያችው ከአንድ ዲግሪ በታች የሆነች ማዕዘን ግን 24 ኒውተን ያህል ወደ ጎን የሚገፋ ኃይል ትሰጣለች። ነጂው በረገጠ ቁጥር ሁለት ኪሎ ተኩል የሚያህል ጭነት ሰንሰለቱን ከጥርሱ ለማውረድ ይገፋዋል እንደማለት ነው።

በዚህ ላይ የአካባቢያችንን ጭቃ ጨምሩበት። በዓመት ከ1500 ሚ.ሜ. በላይ ዝናብ የሚጥልበት አገር ነው። ቀዩ አፈር ከሰንሰለት ዘይት ጋር ሲለወስ እንደ መሳያ ሊጥ ይሆናል። ቀጥ ባለ መስመር ላይ የሚሞርደው ሮለሩን ነው፤ በጠማማ መስመር ላይ ግን የጥርሱን ጎን አሹሎ እንደ ጦር ያደርገዋል። ጎኑ የተበላ ጥርስ ደግሞ ሰንሰለት ለመጣል የመጀመሪያው ነው።

አለካክ

የሚያስፈልገን ካሊፐር ወይም ጥሩ ማስመሪያ፣ ሦስት ሜትር ክርና ትዕግሥት ነው።

1ኛ፦ መጀመሪያ ፍሬሙ ራሱ ቀጥ ማለቱን እናረጋግጣለን። ክሩን ከአንደኛው የኋላ አክስል መሰኪያ አስረን፣ በመሪው ቱቦ ዙሪያ አዙረን፣ በሌላኛው መሰኪያ እናስረዋለን። ከዚያ ከመቀመጫው ቱቦ እስከ ክሩ ያለውን ርቀት በቀኝም በግራም እንለካለን። እኩል ካልሆነ ፍሬሙ ተጣሟል፤ ሌላው ልኬት ሁሉ ከንቱ ነው።

2ኛ፦ የኋላውን እንለካለን። በሁለቱ መሰኪያዎች የውስጥ ገጾች መካከል ያለውን ስፋት ወስደን ለሁለት እናካፍላለን። ከዚያ ከቀኙ መሰኪያ የውስጥ ገጽ እስከ ኋላ ጥርሱ መሐል ያለውን እንቀንሳለን። ለምሳሌ ስፋቱ 130 ከሆነ ግማሹ 65 ነው፤ ከመሰኪያው እስከ ጥርሱ 24 ከሆነ የኋላ መስመሩ 41 ሚ.ሜ. ነው።

3ኛ፦ የፊቱን እንለካለን። ከመቀመጫው ቱቦ የቀኝ ገጽ እስከ ፊት ጥርሱ መሐል ያለውን ወስደን የቱቦውን ውፍረት ግማሽ እንደምራለን። ቱቦው 28.6 ከሆነ ግማሹ 14.3 ነው፤ ከገጹ እስከ ጥርሱ 33.7 ከሆነ የፊት መስመሩ 48 ሚ.ሜ. ይሆናል። የፊት ጥርሱ ትንሽ ከተወላገደ አዙረን በሦስት ቦታ ለክተን አማካዩን እንወስዳለን።

የመጨረሻው ማረጋገጫ ክሩ ነው። ከፊት ጥርሱ መሐል እስከ ኋላ ጥርሱ መሐል ወጥረን በዓይን ማየት። ዓይን ብቻውን ግን አይበቃም። ሦስት ሚሊ ሜትርን ዓይን «ቀጥ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ለፊክስድ ከ1 ሚ.ሜ. ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ፍሪ ላለው እስከ 2 ይቻላል።

መሐል ዘንግና የፔዳል ክንድ ጥንድ ናቸው

የፊቱን መስመር የሚወስኑት ሁለት ዕቃዎች ናቸው፦ የመሐል ዘንጉ ርዝመትና የፔዳል ክንዱ ቅርጽ። ሱቅ ስንሄድ «የቻይና ነው ወይስ የህንድ?» ነው የምንባለው። ትክክለኛው ጥያቄ ግን የቤቱ ስፋት፣ የጥምዙ ዓይነት፣ የዘንጉ ርዝመትና የጫፉ ቅርጽ ነው።

ስለ ቤቱ፦ አብዛኛው ፍሬም የእንግሊዝ የሚባለው ልክ ነው። ስፋቱ 68 ሚ.ሜ. ሲሆን (በአንዳንድ የተራራ ብስክሌት 73) የቀኙ ኩባያ በግልባጭ ጥምዝ የተሠራ ነው፤ ማለትም ሲጠብቅ ወደ ግራ ይዞራል። የጣሊያኑ ግን 70 ሚ.ሜ. ነው፣ ሁለቱም ጎኖቹ እንደ ተራ ብሎን ወደ ቀኝ ይጠብቃሉ። በአገራችን የብስክሌትና የመኪና ዕቃ ስም ሞዞ፣ ቸርኬ፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ እየተባለ በጣሊያንኛ የቀረውን ያህል አሮጌ የጣሊያን ፍሬምም አልፎ አልፎ ይገኛል። ስለዚህ መፍቻ ከማሳረፋችን በፊት ስፋቱን እንለካ። በተሳሳተ አቅጣጫ በቧንቧ አስረዝሞ መታገል ቤቱን ያበላሸዋል፤ ቤቱ ከተበላሸ ደግሞ ፍሬሙ ሄደ ማለት ነው።

ስለ ዘንጉ ርዝመት፦ ዘንጉ በሁለቱም በኩል እኩል የሚወጣ ከሆነ ደንቡ ቀላል ነው። ርዝመቱ በሚቀንስበት ግማሽ ያህል የፊት ጥርሱ ወደ ውስጥ ይገባል። ከ122 ወደ 118 ብንወርድ 4 ቀነስን፤ ጥርሱ 2 ሚ.ሜ. ገባ። አንዳንዱ ዘንግ ግን በቀኝ በኩል ይረዝማል፤ ያኔ ከግማሽ ደንቡ ይልቅ የቀኙን ጎን ብቻ ማወዳደር ነው።

ስለ ጫፉ ቅርጽ፦ ሁለት ዓይነት በብዛት እናያለን። በከባዶቹ የቻይናና የህንድ ብስክሌቶች፣ እንደ ፊኒክስና ሂሮ ባሉት፣ ክብ ዘንግ ላይ ክንዱ በሽብልቅ ፒን የሚያዝበት አለ። እዚያ ክንዱ የሚቀመጥበት ቦታ ዘንጉ ላይ ተቆርጦ የተወሰነ ስለሆነ ወዲያ ወዲህ አይልም። ሁለተኛው አራት ማዕዘን ጫፍ ያለው ነው። እያንዳንዱ ገጽ በ2 ዲግሪ ወደ ጫፉ ይሳሳል፤ ክንዱም እንደ ሽብልቅ እየጠበቀ ይገባል። እዚህ ላይ ነው «ጥንድ ናቸው» የምለው። በ2 ዲግሪ ተዳፋት ላይ የጫፉ ውፍረት በ0.1 ሚ.ሜ. ቢለያይ ክንዱ የሚቆምበት ቦታ በ1.4 ሚ.ሜ. ይለያያል። (ሁለቱ ተቃራኒ ገጾች በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ርዝመት 0.07 ሚ.ሜ. ይቀራረባሉ፤ 0.1 ለ0.07 ሲካፈል 1.4 ነው።) የጃፓኑ ልክና የአውሮፓው ልክ ጫፋቸው በትንሹ ይለያያል፣ የአውሮፓው ይቀጥናል። በዓይን አንድ የሚመስሉ ሁለት ዘንጎች አንድን ክንድ በተለያየ ቦታ የሚያቆሙት ለዚህ ነው። ስለሆነም ክንዱን ይዞ ሱቅ መሄድ፣ ዘንጉ ላይ በእጅ አስገብቶ መለካት፣ ከዚያ መግዛት ይሻላል።

አንድ ምሳሌ፦ ባለ 26 ኢንች አሮጌ የተራራ ብስክሌት

ካምቢዮው የወለቀ፣ ባለ 130 ሚ.ሜ. የኋላ ስፋት የብረት ፍሬም ያለው ብስክሌት ከአንድ የክፍል ጓደኛዬ ጋር ሠርተናል። መካከለኛውን ባለ 34 ጥርስ ብቻ አስቀረንና ከኋላ ባለ 16 ጥርስ ፍሪ ገጠምን። ልኬቱ ከላይ በምሳሌ የሰጠሁት ነው፦ ፊት 48፣ ኋላ 41፣ ልዩነት 7 ሚ.ሜ.።

ቀጥታ ወደ ዘንግ ብንሄድ 7ቱን ለማጥፋት 14 ሚ.ሜ. ያጠረ ዘንግ ያስፈልገን ነበር። ይሄ ከመርካቶ ማስመጣትን ይጠይቃል፤ ቢመጣም የፊት ጥርሱ የፍሬሙን የኋላ ቱቦ ይነካል። ስለዚህ ከኋላው ጀመርን። ባለ ስድስት ካምቢዮ የነበረ ሞዞ በቀኙ በኩል ለሌሎቹ ጥርሶች ቦታ የሚተው ሮንዴላ አለው። አንድ ጥርስ ብቻ ሲቀር ያ ቦታ አያስፈልግም። የ4 ሚ.ሜ. ሮንዴላ ከቀኝ አውጥተን ወደ ግራ አዛወርን፣ አክስሉንም በዚያው ልክ ገፋን። ጠቅላላው ስፋት አሁንም 130 ነው፤ ሞዞው ግን 4 ሚ.ሜ. ወደ ቀኝ ሄደ። የኋላ መስመሩ 45 ሆነ። ወጪ፦ ዜሮ።

ሞዞው ሲዛወር ቸርኬው አብሮ ስለሚሄድ ወደ መሐል መመለስ አለበት። የግራ ሽቦዎችን ማጥበቅ፣ የቀኞቹን ማላላት፣ በየተራ ግማሽ ዙር ግማሽ ዙር ብቻ። ትዕግሥት የሚፈትነው ይሄ ነው። ግን ትርፍ አለው። የሁለቱ ጎን ሽቦዎች ውጥረት ስለሚቀራረብ ጎማው ከበፊቱ ይልቅ ይጠነክራል፤ ቡና ለሚጫንበት ብስክሌት ትንሽ ነገር አይደለም።

ቀሪው 3 ሚ.ሜ. ነበር። እዚሁ ቴፒ ያገኘነው ባለ 118 ዘንግ በ122ቱ ፋንታ ሲገባ የፊቱ 46 ሆነ። ፊት 46፣ ኋላ 45፣ ልዩነት 1 ሚ.ሜ.። የፊት ጥርሱ ከኋላ ቱቦው ቢያንስ 3 ሚ.ሜ. መራቁን፣ ፔዳል ላይ ቆመን ስንጫን እንኳ አለመንካቱን አየን። ሰንሰለቱን በመሐሉ ስንገፋው 1 ሳ.ሜ. ያህል ወደ ላይና ወደ ታች እንዲል አድርገን አጠበቅነው። ይህን ለማድረግ አክስሉ ወደ ኋላ የሚንሸራተትበት አግድም መሰኪያ ያስፈልጋል። ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚከፈት መሰኪያ ያለው ፍሬም ለፊክስድ አይሆንም። በሱ ላይ ሰንሰለት የሚያጠብቅ ሮለር መግጠምም አይቻልም፤ ነጂው ወደ ኋላ ሲጫን ታችኛው ሰንሰለት ይወጠርና ሮለሩን ይሰብረዋል።

ፍሪውን እንበይደው ወይስ እንተወው?

መስመሩ ከተስተካከለ በኋላ ጓደኛዬ «በቃ አሁን ፊክስድ እናድርገው፣ ፍሪውን እንበይደው» አለ። ሐሳቡን ይዘን በከተማው ብዙ ዘመን ብስክሌት ወደጠገኑ አንድ አዛውንት ሄድን። «ጋሼ፣ ይበየዳል?» ስንላቸው፣ «መበየዱን ይበየዳል ልጆቼ፤ የሚነዳው ማነው? ወዴትስ ነው የሚነዳው?» ብለው መለሱልን። ጥያቄያቸው የምህንድስና ጥያቄ ነው።

እውነተኛ የፊክስድ ሞዞ ሁለት ደረጃ ጥምዝ አለው። ጥርሱ በተለመደው አቅጣጫ ይጠብቃል። ከሱ በላይ ያለው ቀለበት ግን በግልባጭ ጥምዝ ይገባል። ነጂው ወደ ኋላ ሲጫን ጥርሱ ሊፈታ ይሞክራል፣ ቀለበቱን ይገፋል፣ ቀለበቱ ደግሞ በዚያ አቅጣጫ ይበልጥ ይጠብቃል። የኛ ሞዞ ግን ለፍሪ የተሠራ ስለሆነ ያለው አንድ ጥምዝ ብቻ ነው፦ 1.37 ኢንች፣ በኢንች 24። ይህ ጥምዝ ከመሐል ዘንግ ቤቱ የእንግሊዝ ልክ ጋር አንድ ስለሆነ አንዳንዶች የዘንጉን ኩባያ ማጥበቂያ ቀለበት ኋላ ላይ አስረው ፊክስድ ይሉታል። ይገባል፣ ያምራልም። ነገር ግን ቀለበቱም ጥርሱም በአንድ አቅጣጫ ስለሚፈቱ የሚከላከል ነገር የለም።

ምን ያህል ኃይል ይፈታዋል? ቀደም ሲል ያሰላነው 100 ኒውተን ሜትር በ34 ለ16 ሲካፈል ኋላ ላይ 47 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ይህ ኃይል በየቁልቁለቱ መቶ ጊዜ ቢመላለስ በመጨረሻ ይፈታል። የተበየደ ፍሪም ከዚህ አያድንም። ብየዳው የሚያጣብቀው የፍሪውን ውስጥና ውጭ ነው እንጂ ፍሪውን ከሞዞው ጋር አይደለም፤ ሁሉም ተያይዞ ከሞዞው ይፈታል። ሞዞው አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ ብረትን ከሱ ጋር መበየድ አይሆንም።

አሁን «ወዴት ነው የሚነዳው?» ወደሚለው እንምጣ። ቴፒ ከ1100 እስከ 1200 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ያለች በአንጻራዊነት ሜዳ ከተማ ናት። ሚዛን ደግሞ ከ1400 ሜትር በላይ ናት፤ በሁለቱ መካከል ያለው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ዳገትና ቁልቁለት ነው። በ34 ለ16፣ በ26 ኢንች ጎማ፣ ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር 4.4 ሜትር እንሄዳለን። በቁልቁለት በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ብንደርስ እግራችን በደቂቃ 150 ጊዜ መዞር አለበት። በዚያ ፍጥነት ሰንሰለቱ ቢወልቅ በእግር ማቆም የለም። ወልቆ በጥርስና በሽቦ መካከል ቢቀረቀር ደግሞ የኋላ ጎማው በአንዴ ይቆለፋል። ከኋላው ግማሽ ኩንታል ቡና የጫነ ልጅ እዚያ ላይ ምን እንደሚሆን መገመት ከባድ አይደለም።

ስለዚህ ፍሪውን ተውነው፣ ከፊትና ከኋላ ሁለት ፍሬን አስገባንለት። ፊክስድ ማድረግ የሚፈልግ ሰው ሁለት ደረጃ ጥምዝ ያለው ሞዞ ያግኝ፣ ያም ሆኖ የፊት ፍሬን አይንቀል፣ በሜዳ ይለማመድ። የሰንሰለት መስመሩ ግን ለሁለቱም አንድ ነው።

ማጠቃለያ

ለማጠቃለል ያህል ቅደም ተከተሉን ልድገመው። ፍሬሙን በክር መፈተሽ፤ የኋላውን መስመር መለካት፤ የፊቱን መለካት፤ ልዩነቱን መጀመሪያ በሮንዴላ መቀነስ፤ ለቀረው ብቻ ዘንግ መግዛት፤ ዘንጉን ከክንዱ ጋር አጣምሮ መግዛት፤ በመጨረሻ ቸርኬውን መመለስና ሰንሰለቱን ማጥበቅ።

ይህ ዕውቀት በብስክሌት ብቻ አይቀርም። በቡና ለቀማ ወቅት በየማጠቢያ ጣቢያው የሚሠሩት የእሸት ቡና መፈልፈያዎች በቺንጋ ወይም በሰንሰለት የሚዞሩ ናቸው። የሞተሩ ፑሊና የመፈልፈያው ፑሊ በአንድ መስመር ካልዋሉ ቺንጋው በጎኑ እየተበላ ያልቃል፣ ኩሽኔታውም ይግላል። ያኔ ቡናው በጆንያ ተከምሮ ሲጠብቅ ይሞቃል፣ ጥራቱም ይወርዳል። እዚያም ክር ወጥሮ መለካት፣ መጀመሪያ የማይንቀሳቀሰውን መያዝ፣ ከዚያ የሚንቀሳቀሰውን ወደሱ ማምጣት ነው ሥራው።

የትምህርት ክፍላችን ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ ወደየጣቢያው ስትወጡ ካሊፐርና ክር በኪሳችሁ ይኑር። ወርክሾፑ ውስጥ ያለው ብስክሌት ደግሞ ለልምምድ ክፍት ነው፤ ሮንዴላዎቹ በቀይዋ ቆርቆሮ ውስጥ ናቸው። ፈትታችሁ ስትገጥሙ ግን 46 እና 45 መሆኑን ለክታችሁ መልሱት።